ሻምፒዮን ቁጠር

ነገሩ የተጀመረው እሁድ ቀን ቡና ላይ ነው። አባቴ እንደ ልማዳቸው ጠዋት ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ተነስተው ደሴ እኛ ቤት ደርሰዋል። ጋቢያቸውን ደረብ አድርገው በር አጠገብ ካለችው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ አቦሉን ቀድታለች። የ12 ዓመት ልጄ ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር የጀመረውን ክርክር ቤት ድረስ ይዞት ገባ። ከአዲስ አበባ ውጭ የኢትዮጵያን የእግር ኳስ ሊግ ዋንጫ የወሰዱት እነማን ናቸው?

«ሐዋሳ 2 ጊዜ» አለ በጣቱ እየቆጠረ። «ጅማ አባ ጅፋር፣ መቀለ 70 እንደርታ፣ ፋሲል ከነማ። በቃ!»

አባቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «የድሮዎቹንስ? ሐማሴን፣ አካለ ጉዛይ፣ ቴሌ፣ ኮተን፣ አስመራ፣ እምባሶይራ... እነሱንስ ማን ይቁጠርላቸው?»

ልጄ ሳቀ። ስልኬን አንስቶ ጥቂት ነካካና ወደ አያቱ አዞረው። «አባባ፣ ይኸው ዝርዝሩ! በ1990 መብራት ኃይል ብሎ ነው የሚጀምረው። አስመራ እኮ ሌላ አገር ነው። የሌላ አገር ቡድን እንዴት የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ይሆናል? ከራስዎ ነው የፈጠሩት።»

አባቴ ምንም አላሉም። ቶናው ሲቀዳላቸው «ይበቃኛል» ብለው ተነሱ። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው በረካውን ሳይጠብቅ ከቡና ሲነሳ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ባለቤቴ እኔን አየችኝ። ልጁን መቆጣት የእኔ ድርሻ ነበር፤ አልተቆጣሁም። ያልተቆጣሁት ስለ ሰነፍኩ አይደለም። ልጄ የተናገራትን ያችን «የሌላ አገር ቡድን» የምትል ቃል እኔም ከ27 ዓመት በፊት በአባቴ ፊት ተናግሬያት ስለነበር ነው።

ከዚያ በኋላ 3 እሁድ አለፈ። አባቴ አልመጡም። ስንደውል «ጉልበቴን አሞኛል፣ የሐረጎ ዳገት ከብዶኛል» ይላሉ። ባለቤቴ «ዳገቱን የሚወጣው ሚኒባሱ እንጂ እሳቸው አይደሉ» አለች። ልክ ነበረች።

* * *

ያ የሻምፒዮኖች ዝርዝር ወደ ቤታችን የገባው በኳስ ሜዳ በኩል አይደለም፤ በመኪና መንገድ በኩል ነው። አባቴ በ1960 ገደማ፣ ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳሉ፣ ከአስመራ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ በሚመላለስ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። ሾፌሩ የአስመራ ሰው ነበሩ። በኋላ ቤተሰባቸውን ይዘው ኮምቦልቻ ሲኖሩ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ አስመራ» ይላቸው ነበር። አባቴ መንዳት የተማሩት ከእሳቸው ነው።

የዚያን ጊዜ መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዓዲግራት መቀሌ፣ ከመቀሌ አምባላጌን ወጥቶ ማይጨው፣ ኮረም፣ ከዚያ ቁልቁል አላማጣ፣ ቆቦ፣ ወልዲያ፣ ደሴ። ሌሊት ሲነዳ የረዳቱ ዋና ሥራ ጎማ ሥር ታኮ ማስገባት አይደለም፤ ሾፌሩን እንቅልፍ እንዳይወስደው ማድረግ ነው። ጋሽ አስመራ ዘፈን አይወዱም ነበር። ኳስ ይወዳሉ። ዓይናቸው ሲከብድ «ሻምፒዮን ቁጠር!» ይላሉ። እሳቸው ዓመት ይጠራሉ፣ አባቴ ቡድን ይመልሳሉ።

«1947?» — «ሐማሴን!»

«1950?» — «አካለ ጉዛይ!»

«1951?» — «ቴሌ!»

አባቴ ከተሳሳቱ በሚቀጥለው ከተማ ለራዲያተሩ ውኃ የሚቀዱት እሳቸው ናቸው። ካልተሳሳቱ ግን ሻይ በሾፌሩ ሒሳብ ነው። አባቴ ከዚያ በፊት ኳስ የሚባል ነገር ብዙም አያውቁም ነበር። ዝርዝሩን የተማሩት ለሻዩ ሲሉ፣ ገደል ላለመግባትም ሲሉ ነው።

እኔ ስወለድ ያ መንገድ ተዘግቶም ተከፍቶም፣ አባቴ ራሳቸው ሾፌር ሆነው የአሰብን መስመር ይነዱ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንዳንዴ እስከ ባቲ ይወስዱኛል። ጋቢና ውስጥ፣ ኩሺኔታ ላይ ተቀምጬ፣ ያንኑ ጨዋታ እጫወት ነበር። የማባዛት ሠንጠረዥ ከማወቄ በፊት ሻምፒዮኖቹን አውቅ ነበር። ከጨርቅ ያልተሠራ የመጀመሪያ ኳሴን የሰጡኝም ጋሽ አስመራ ናቸው። ቀይ የላስቲክ ኳስ ነበረች።

* * *

ከዚያ 1990 መጣ። በዚያ ዓመት አገራችን በኳስ አዲስ ነገር ጀምራ ነበር፤ ፕሪሚየር ሊግ የሚባለው የተጀመረው ያኔ ነው፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደውም መብራት ኃይል ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ደግሞ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነሳ። ሊጉ እንደ አዲስ ከ1 መቁጠር የጀመረበትና ሁለቱ አገሮች የተዋጉበት ዓመት አንድ መሆኑን ያኔ ልብ አላልኩትም።

20 ዓመቴ ነበር። የጎረቤት ልጆች ይዘምታሉ፣ ራዲዮኑ ቀኑን ሙሉ የጦርነት ዜና ያሰማል። አንድ ቀን ከደሴ ኮምቦልቻ ስወርድ አባቴና ጋሽ አስመራ ግቢ ውስጥ ቡና ይዘው ተቀምጠዋል። እንደ ድሮው እየተጠያየቁ ይስቃሉ። «1966?» ሲሉ ሰማሁ። «እምባሶይራ!» አሉ አባቴ።

ቆሜ እንዲህ አልኩ፦ «አባባ፣ በዚህ ቤት የሌላ አገር ቡድን ስም ባይጠራ ጥሩ ነው።»

ጋሽ አስመራ ስኒያቸውን ጨረሱ። «ተባረኪ» ብለው እናቴን አመሰግነው፣ እኔንም «ደኅና ሁን ልጄ» ብለውኝ ወጡ። በዚያ ክረምት ከብዙ የኤርትራ ተወላጆች ጋር እሳቸውም ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። እናቴ ቆሎና ዳቦ ቋጥራ ከአባቴ ጋር ልትሸኛቸው ሄደች። እኔ አልሄድኩም።

አባቴ በዚያ ነገር አንድ ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም። ብቻ ከዚያ በኋላ ሻምፒዮን ሲቆጥሩ አልሰማሁም። ልጄ ኳስ መውደድ እስከጀመረበት ጊዜ ድረስ፤ እስከዚያች እሁድ ድረስ።

* * *

በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ ማታ ልጄን አጠገቤ አስቀመጥኩት። «አያትህ አልፈጠሩም» አልኩት። «የጎደለው ያንተ ዝርዝር ነው።»

ከመጀመሪያው ጀመርኩለት። ፕሪሚየር ሊግ በ1990 ይጀመር እንጂ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ከዚያ 54 ዓመት ይቀድማል። በ1936 አዲስ አበባ ውስጥ ሲጀመር ከጊዮርጊስ ጋር የተወዳደሩት የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። «ማን ያሸነፈ ይመስልሃል?»

«ጊዮርጊስ ነዋ!»

«እንግሊዞቹ።»

ዓይኑ ፈጠጠ። «የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሻምፒዮን እንግሊዝ ነው?»

«በመዝገብ የተጻፈው እንደዚያ ነው። ታዲያ ለሁለት ቀን የመጣ የእንግሊዝ ወታደር ተቆጥሮለት፣ ያኔ በአንድ ባንዲራ ሥር የነበረ የአስመራ ልጅ ለምን ይሰረዛል?»

ኤርትራ በ1945 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን መቀላቀሏን፣ በ1985 ደግሞ በሕዝበ ውሳኔ ነጻ አገር መሆኗን ነገርኩት። በዚያ መካከል ባሉት ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ የየጠቅላይ ግዛቱ አሸናፊዎች ተገናኝተው ነበር የአገሪቱ ሻምፒዮን የሚለየው። ከዚያ ወረቀት አምጥተን አብረን ጻፍን። 1947 እና 1949 ሐማሴን። 1950 አካለ ጉዛይ። 1951 ቴሌ። 1961 እና 1962 እንደገና ቴሌ። 1964 እና 1965 አስመራ። 1966 እምባሶይራ። ልጄ ደመረው። በ20 ዓመት ውስጥ 9 ዋንጫ ወደ አስመራ ሄዷል። ድሬዳዋም ከ1952 እስከ 1957 ባለው ጊዜ 5 ወስዳለች፤ ኮተን 4፣ ኢትዮ ሲሚንቶ 1። ኮተን በ1975 አንድ ጊዜ ደግሞታል። ከዚያ በኋላ ሐዋሳ በ1996 እስኪያሸንፍ ድረስ ዋንጫው ከአዲስ አበባ አልወጣም።

«ሐዋሳ የመጀመሪያ አይደለማ» አለ ቀስ ብሎ።

በ1954 ያነሳነውን የአፍሪካ ዋንጫም አስታወስኩት። እሱን በትምህርት ቤት ያውቀዋል። ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን። ከአራቱ ጎሎች አንዷን ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ አንዷን ወንድሙ ኢታሎ አግብተዋል። ሉቺያኖ አምበሉ ነበር፤ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው እሱ ነው። ሁለቱም አስመራ የተወለዱ፣ አባታቸው ጣሊያን እናታቸው ኤርትራዊት ናቸው። ሉቺያኖ በ2015 መስከረም ላይ ጣሊያን ውስጥ ሲያርፍ እኛም የአምበላችን ሞት ነው ብለን አዝነናል። «ያንን ዋንጫ የእኛ ነው ካልን» አልኩት፣ «ያነሳውን እጅ የሌላ ነው ማለት አንችልም።»

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ሶቪየት ኅብረት የምትባል አገር ዛሬ የለችም፤ ግን ዲናሞ ኪየቭ 13 ጊዜ፣ የጆርጂያው ዲናሞ ትብሊሲ 2 ጊዜ፣ የአርመኑ አራራት በ1973 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የዚያች አገር ሻምፒዮን ነበሩ። አገሩ ሲፈርስ ዋንጫው አልቀለጠም። የተጫወቱት ልጆች በእርግጥ ተጫውተዋል፤ ያሸነፉትም በእርግጥ አሸንፈዋል።

ልጄ ወረቀቱን አጠፈና «እሁድ እኛ እንውረድ» አለ።

* * *

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርዱ ብርዱ ከኋላ ይቀራል፤ ሹራብ ይወልቃል። አባቴን ግቢያቸው ውስጥ ፓፓያዋ ሥር አገኘናቸው። ጉልበታቸው ምንም አልሆነም፤ ጎንበስ ብለው ችግኝ ይኮተኩታሉ።

ልጄ ጉልበታቸውን ሳመ። «ይቅርታ አባባ። ዝርዝሩን አየሁት። እውነትዎን ነው።»

«ከማን አየኸው?»

«ከአባዬ ጋር ጻፍነው።»

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። ብዙ አዩኝ። ከዚያ ለልጁ «በል ተቀመጥ፤ ዓመት ጥራ» አሉት።

ልጄ ደብተሩን ገልጦ መጥራት ጀመረ። የ80 ዓመቱ ሽማግሌ ሳያቅማሙ ይመልሳሉ። 1954 ኮተን፣ 1955 ኮተን። «1956?» ሲል «ኮተን!» አሉ። ልጄ ደብተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ዝም አለ። ባለፈው ወር ቢሆን ይጮህ ነበር።

«ምነው?» አሉ አባቴ። «ተሳሳትኩ?»

«ኢትዮ ሲሚንቶ ነው፣ አባባ።»

አባቴ ጭናቸውን መታ መታ አድርገው ሳቁ። «እሷ ዓመት ዱሮም ታምታታኛለች! ያችም ድሬዳዋ ናት ሌላዋም ድሬዳዋ ናት። ስንት ባልዲ ውኃ አስቀድታኛለች መሰለህ።» ከዚያ ተነስተው ውስጥ ገቡና በጆግ ውኃ ይዘው መጡ። ቅጣታቸውን ከፈሉ።

ልጄ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሲያይ ቆየና «አባባ፣ የእኛስ? ወሎ የሚል የለም እኮ» አለ። ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ በከፍተኛ ሊግ ሲጫወቱ ሆጤ ሜዳ ወስጄው አይቷል፤ የእኛም ስም አንድ ቦታ እንዲገኝ ፈልጎ ነው።

«እኛ የመንገዱ ሰዎች ነን» አሉት። «ከሰሜን የመጣውም፣ ከአሰብ የመጣውም፣ ከሸዋ የመጣውም በእኛ ደጃፍ ነው የሚያልፈው። ውኃ እናጠጣለን፣ ስሙን እንይዝለታለን። እሱም ቀላል አይደለም።»

ባለቤቴ ቡናውን ስታፈላ፣ ልጄ ወደ ጎረቤት ልጆች ሲሮጥ፣ ሁለታችን ብቻ ቀረን። በ2014 በጦርነቱ ወራት ከዚህ ቤት ሸሽተው ሲመለሱ ያገኙት ባዶ ግድግዳ ነበር። ከጋሽ አስመራ ጋር ኤንትሬዋ ፊት የተነሱት ፎቶግራፍም የለም። ያን ሰውዬ የሚያስታውስ በዚህ ቤት የቀረ ነገር ቢኖር ያ ዝርዝር ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ያንኑ ነበር ያስቆምኩት።

«በ2010 ስልክ ሲከፈት ደውዬ ነበር» አሉ አባቴ ሳልጠይቃቸው። ከ20 ዓመት በኋላ አስመራና አዲስ አበባ በስልክ የተገናኙ ሰሞን ማለታቸው ነው። «ሰው በሰው አፈላልጌ ልጁን አገኘሁት። አርፏል፤ ከቆየ ቆይቷል። ልጁ ምን አለኝ መሰለህ? አባቴ መጨረሻ ላይ ሲያመው ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለው ዓመት ይጠራ ነበር፤ ማንም የሚመልስለት አልነበረም፤ እኛ አናውቀውማ።»

ይህንን ለ7 ዓመት በሆዳቸው ይዘውት ኖረዋል። ለማን ይንገሩት? ለእኔ?

ጉሮሮዬ እስኪለቀቅ ቆየሁ። ከዚያ «አባባ፣ ያን ቀን በእሳቸው ፊት የተናገርኩትን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ልጅ ነበርክ» አሉ።

«20 ዓመቴ ነበር።»

«እሱን ነው የምልህ።»

ይቅርታው ይህ ነው። ከዚህ በላይ አላሉም፣ ከዚህ በላይም አልጠየቅሁም። የተናገርኩት ግን ለእሳቸው ብቻ አልነበረም፤ ዋናው ሰው ደግሞ ይቅር ሊለኝ የለም። አንዳንድ ዕዳ ባለቤቱ ሳይኖር የሚከፈልበት መንገድ አንድ ብቻ ይመስለኛል፤ ለሚቀጥለው ልጅ በትክክል መንገር።

ይህንን የምጽፈው ለኳስ ወዳጆች ብቻ አይደለም። በየቤታችን አንድ ሽማግሌ አለ፤ እኛ የማናውቀውን ዝርዝር የሚያውቅ። የባቡር ጣቢያ ስም ሊሆን ይችላል፣ የዘመቻ ጓዶች ስም፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ስም። ልጆቻችን ስልክ ከፍተው «የለም» ሲሉ ከመሳቃችን በፊት ትንሽ እንታገሥ። ስልኩ የሚጀምረው እሱ ከሚያውቅበት ዓመት ነው። አያት የሚጀምሩት ከዚያ በፊት ነው። ደብተርና እርሳስ ይዞ አጠገባቸው መቀመጥ አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የሚፈጀው። እኔን 27 ዓመት ፈጅቶብኛል።

ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ። ሲመሽ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጭጋግ ወርዶ ነበርና መኪናዬን ቀስ አድርጌ እነዳለሁ። ባለቤቴ ተኝታለች። ከኋላ ወንበር የልጄ ድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ እንቅልፍህ መጣ እንዴ? 1947?»